ሚስት ሳላገባ የተነሳሁት የቤተሰብ ፎቶ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ መውጣቱ ቀለለሽ? አባዬ ያንን ሳል ሐኪም አሳየው ወይስ አሁንም «ብርድ ነው» እያለ ይሸነግላችኋል? እኔ እንኳን ደህና ነኝ፤ ያሳሰበኝ አንቺ ስለኔ የሰማሽው ነገር ነው።

እህቴ ደውላ እንደነገረችኝ፣ ሹፌሩ የአጎቴ ልጅ በዚህ ሲያልፍ ፎቶዬን አይቶ፣ ልጅሽ ተደብቆ አግብቶ ሦስት ልጆች ወልዷል ብሎሻል። አንቺም ምግብ አስጠልቶሽ ሰነበትሽ አሉ። እባክሽ መጀመሪያ እህል ቅመሺ፤ ከዚያ ነገሩን ከኔው ስሚ።

ከምሠራበት ጋራዥ ፊት ለፊት ትምህርት ቤት አለ። መንገዱ ላይ መኪና ስለሚከንፍ ልጆች ሲሻገሩ ነፍሳችን ትወጣለች። የሰፈሩ የመንገድ ደህንነት ማኅበር የእግረኛ መብራት ለማስተከል፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቤተሰብ ፎቶ እያነሳ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። እኔም ቁመቴ ታይቶ ለፎቶ አንሺው መብራት እንድይዝ ተመደብኩ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ከልጆቿና ከእናቷ ጋር መጣች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። እናትየውን ሰፈሩ «ኮሎኔል» ነው የሚላቸው፤ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ፎቶ አንሺው በቀኝ በኩል ባዶ ሆነብኝ ቢል፣ ኮሎኔል ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንተ ረጅሙ፣ ና እዚህ ቁም» አሉኝ። ቱታዬ ግሪስ ነክቶታል ብል ማን ሰምቶኝ። መብራቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ትንሿ ልጅ ሱሪዬን ጨምድዳ ያዘች፣ መካከለኛው ጫማዬ ላይ ወጣ፣ ትልቋ ደግሞ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ሆድዎን ያስገቡ» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ፎቶው ያኔ ተነሳ።

ማኅበሩ ከዚያ ሁሉ ፎቶ ይህንኑ መርጦ፣ ግድግዳ አሳክሎ አሳትሞ መንገድ ዳር ሰቀለው። ከሥሩ «አባት ከልጆቹ እንዳይለይ ቀስ ብለው ያሽከርክሩ» ይላል። የአጎቴ ልጅም ምክሩን ሰምቶ ቀስ አለ፤ ቀስ ሲል አየኝ። አለቃዬ ሳይቀር እንኳን ደስ ያለህ ብሎ የግማሽ ቀን ዕረፍት ሰጠኝ። አላገባሁም ብዬዋለሁ፤ ዕረፍቱን ግን አልመለስኩም።

ሴትየዋ እንዳታፍር ፎቶውን ላስወርደው ብዬ ልነግራት ሄድኩ። የስፌት መኪናዋን ሳታቆም አዳመጠችኝ። ስጨርስ አቆመችና፣ «ማስወረዱስ ቀላል ነው። አንተ እንዲወርድ ትፈልጋለህ?» አለችኝ። እማዬ፣ ስንት ሞተር ፈትቼ የገጠምኩ ሰው አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። በስንት መከራ «አልፈልግም» አልኳት። መስፋቷን ቀጠለች፤ ጨርቁን ግን ገልብጣ ነበር የምትሰፋው። 

የእግረኛ መብራቱ ተተክሎ ልጆቹ በሰላም ይሻገራሉ። እና እማዬ፣ የሰማሽው ወሬ ውሸት ነው። ብቻ ለጊዜው ለማንም እንዳታስተባብዪ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። አያቴ ምርቃታቸውን እንዳያቋርጡብኝ፤ ይልቅ አሁን ጨመር ያድርጉበት። እህቴን ስለደወለች አመስግኚልኝ፣ ሕፃኗንም ጉንጯን ሳሚያት። ሹፌሩንም ሰላም በይልኝ፤ መንገዱን እያየ ይንዳ።

ናፋቂ ልጅሽ

ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ፣
እሁድ የካቲት 9 ቀን