«ለእኔ ተዪው» ላሉኝ ለልጄ የክርስትና እናት

ለተከበሩ ዶክተር የምሥራች
የውበት ቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ የደብራችን የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የልጄ የሄርሜላ የክርስትና እናት
ማሪዬታ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በተለይም እጆችዎ ደህና ናቸው? እጆችዎን ለይቼ መጠየቄ አይግረምዎ፤ የስንቷ እናት ልጅ የሚተኛው በእነሱ ሥር ስለሆነ ዕድሜና ጤና እንዲሰጣቸው ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ ሐረገወይን ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ያው እንደሚያውቁት ከአትላንታ ዳር ከታከር እየተነሣሁ መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ። በአደባባይ መጻፌም ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ፤ በደወልሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ዶክተር ሰርጀሪ ላይ ናቸው» ስለምትለኝ፣ እንደ እርስዎ ያለን ሰው ከሥራ ማስተጓጎል ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው በማኅበረሰባችን ገጽ በኩል የመጣሁት። የልጄ ጉዳይ ስለሆነ ሳላስፈቅዳት አይወጣም፤ ሰው ካነበበው ፈቅዳለች ማለት ነው።

፩ኛ፦ በመጀመሪያ ስላስተማሩን ላመስግንዎ። በዚያ በጤና ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ፣ ነጠላዎን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ማይክ ይዘው ለእናቶች የተናገሩትን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት የሕግ ቁጥር እንጂ የሰውነት ቁጥር አይደለም አሉን፤ የሴት ልጅ ጡት ሃያዎቹ ውስጥ ከገባችም በኋላ ሊለወጥ ይችላል፣ ሁለቱ እኩል ላይደርሱ ይችላሉ፣ ለውጡ ቆሞ ደህና አድርጎ ሳይረጋ ቢላ ማንሣት ችኮላ ነው አሉን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለውም አሳቁን። እኛም አጨበጨብን፤ እኔማ እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብሁት።

፪ኛ፦ ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ አደራ ነው። ሄርሜላ አሥራ ስምንት ሞልቷት ሃይስኩል እንደጨረሰች፣ አንዱ ጡቷ ከሌላው አነሰብኝ በሚል ሐሳብ ተይዛ፣ በዚህ በአትላንታ የሐምሌ ሙቀት ወፍራም ሁዲ ለብሳ እየዋለች፣ የአክስቷ ልጅ ሚዜ ሁኚልኝ ብትላት እንኳ እምቢ ብላ፣ ሰርጀሪ ካልተደረገልኝ አለች። ትንሽ ጠብቂ ብላት «ማሚ፣ አንቺ እኮ ዶክተር አይደለሽም» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ የወላጇን ምክር አልሰማም ስትል ወደ ክርስትና እናቷ ትላካለች፤ በሰማንያ ቀኗ ታቅፈው ክርስትና ያነሧት እርስዎ ነዎት፤ ያውም ሐኪም፣ ያውም ሴት፤ ስለዚህ ጠብቂ የሚለውን ቃል ከእርስዎ አፍ ብትሰማው ታምናለች ብዬ ደወልሁልዎ። ለምኜ ነው የነገርሁዎ፤ ይምከሩልኝ፣ ሰውነቷ እስኪረጋ ትታገሥ ይበሉልኝ አልሁ። «ለእኔ ተዪው» አሉኝ። እኔም ለእርስዎ ተውሁት።

፫ኛ፦ እርስዎ ዘንድ ደርሳ ስትመለስ ምን ላይ ደረሳችሁ ብዬ ብደውልልዎ «ተግባብተናል፣ ምንም አታስቢ» ብለው አጽናኑኝ፤ ያን ዕለት የተኛሁትን እንቅልፍ መቼም አልረሳውም። እሰይ፣ ዶክተር መከሩልኝ እያልሁም ለማኅበርተኞቼ ሁሉ አወራሁ።

፬ኛ፦ ስማይርና ከተማ ያለችው ጓደኛዬ ሊዲያ ጋ ልሰንብት ብላ የወጣች ልጄ ከቀናት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ እጆቿን አንሥታ ማቀፍ ስላልቻለች ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ «ማሚ፣ ታንክ ዩ፤ እሺ እንዳልሽኝ ዶክተር ነገሩኝ» አለችኝ። ሰርጀሪውን አድርገውላት ኖሯል፤ ሊዲያ ጋ የሰነበተችውም ልታገግም ነው። ለካስ እርስዎ «እናትሽ ፊት ለፊት እሺ ማለቱን አፍራው ነው እንጂ ወደ እኔ የላከችሽ ፈቅዳ ነው» ብለዋት ኖሯል! የይሉኝታችንን መንገድ እንዲህ ጠንቅቀው በማወቅዎ በእውነቱ አደንቅዎታለሁ። እርሷም አመነች፤ ለምን አታምን? ጠብቁ ብለው ያስተማሩት ሰው ራሳቸው ደርሰሻል ካሉኝ ደርሻለሁ ማለት ነው አለች። እኔ አልፈቀድሁም ብላት «አሁን ደግሞ አትፈሪ» ብላ ሳቀችብኝ። ለምን አልነገሩኝም ብዬ ስጠይቅዎ ደግሞ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላትን ሰው ምስጢር ለእናት መንገር በሕግ ክልክል ነው ብለው አስረዱኝ። ሕግ አክባሪነትዎን አከብራለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ የሕግ ቁጥር ብቻ የነበረው አሥራ ስምንት ክሊኒክዎ ሲደርስ የሰውነት ቁጥር ሆኖ መገኘቱን ግን ሳላነሣ አላልፍም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ያሉት አባቶች ለካ የሆነባቸውን ነው የተናገሩት።

፭ኛ፦ ስለ ሥራዎ ውጤትም ላሳውቅዎ። ለጥቂት ወራት በእርግጥ ሁለቱም እኩል ነበሩ። ከዚያ ያ ዘገየ የተባለው ጡት፣ ያስገቡበትን ከረጢት እንደተሸከመ የራሱን ዕድገት ቀጠለ፤ ዛሬ ልዩነቱ ተገላብጦ ከቀድሞው ይብሳል፣ ጠባሳውና ሕመሙ ደግሞ ምራቂ ነው። እግዚአብሔር ሥራውን ገና አልጨረሰም ነበር፤ እርስዎ ቀደሙት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እዚህ ግን የቸኮለው ሌላ፣ የታመመው ሌላ ሆነ። ልጄ ደግሞ የተቆጣችው በእርስዎ አይደለም፣ በእኔ ነው። «ሲበላሽ ጊዜ እኔ የለሁበትም ትያለሽ፤ ቢያንስ ኦውን አድርጊው፣ ፈቅጄ ነበር በይ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ሃይ እና ባይ ብቻ ነው የምንባባለው። ጠባሳውን ሐኪም ያየዋል፤ ይህኛው ግን አንጀቴን ቆርጦታል፣ እውነቴን ነው የምልዎ።

፮ኛ፦ ነገሩን ሰምተው «ቤተሰብ ነን፣ በነፃ አስተካክልላታለሁ፣ በሚመጣው ወር ትምጣ» ማለትዎም ደርሶናል። ደግነትዎ አያልቅም! እርሷ ግን ለኔ ሳትነግረኝ ብቻዋን ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ኖሮ፣ ይህንንም የሰማሁት ከሊዲያ ነው፣ ሰውዬው ገና ሳይነካት መጠንሽ መለወጥ ያቆመው መቼ ነው ብሎ ጠየቃት። ገና አላቆመም አለችው። እንግዲያው እስኪረጋ አልነካሽም፣ ብቻ እየተመላለስሽ ልይሽ ብሎ ሰደዳት። እርስዎ ይህን ጥያቄ አልጠየቋትም አሉ፤ ለነገሩ ከአዳራሹ ወዲህ ብዙ ጊዜ ስላለፈ ረስተውት ይሆናል።

እንግዲህ የተከበሩ ዶክተር፣ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ካሳ አልጠይቅዎትም፣ ሰብሳቢነትዎን ይልቀቁም አልልም፣ ለልጄም ሁለተኛ ቢላ ያንሡላት አልልም። ስልክዎን አንሥተው ለሄርሜላ ይደውሉና «እናትሽ ወደ እኔ የላከችሽ ጠብቂ እንድልሽ ነበር» ይበሏት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማደንዘዣ አያስፈልገውም፣ ሲያልፍም ጠባሳ አይተውም። ልጄ እኔን ማመን ትታለች፤ እርስዎን ግን ዛሬም ታምናለች፤ የሚገርመውም የሚያቃጥለውም እርሱ ነው።

ስለ ትምህርትዎ፣ ስለ ምክርዎና ስለ ሕግ አክባሪነትዎ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብሁ፣ በሄዱበት ሁሉ እርስዎ ለልጄ ያሰቡላትን ያህል የሚያስብልዎ ሰው እንዳያሳጣዎ እመኛለሁ።

ሽማግሌ ዘንድ ልካ ነጋዴ የጠበቃት፣
አክባሪዎ ሐረገወይን
ታከር

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ለማስፈቀድ ለሄርሜላ ሳነብላት ሁለተኛው ቁጥር ላይ አስቆመችኝ። «ቆይ፣ ይህን ሰው ሁሉ እያየው ልትጽፊው ነው? ሲሪየስሊ ጠብቂ እንዲሉኝ ነው የላክሽኝ?» አለችኝ። አዎ አልኋት። መጥታ ጭኔ ላይ ተኛች፤ ሁለታችንም አለቀስን። ስለዚህ ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳይቸገሩባት፤ ለሚቀጥለዋ ልጅ እናት ያስቀምጡላት። ከክሊኒክዎ ባለ አምስት ኮከብ ሪቪው እንድትጽፍ በየሳምንቱ ቴክስት ይላክላታል፤ እርሷም ሰውነቷ አድጎ ሲጨርስ እንደምትጽፍ ንገሪያቸው ብላኛለች፤ እስከዚያው ይታገሡ።