ጃጁራ ያልወሰድነው ሰው

ሐምሌ 7፣ ሰኞ ጠዋት

ማሽኑ ተነስቷል፣ ወረቀት እየተቆረጠ ነው። እኔ ገና ደክሞኛል። ትናንት ጃጁራ ለቅሶ ደርሰን መጣን፣ የባልደረባችን የዘነበች አባት አርፈው። ሚኒባስ ተኮናትረን የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ ሄደ። ከታምራት በቀር።

አልነገርነውም። አትንገሩት ያልኩት እኔው ሥራ አስኪያጇ ነኝ። መንገዱ ጭቃ፣ ድንኳኑ ተዳፋት ላይ፣ ዊልቸሩ በየት ይገባል? ልጁ ለምን ይንገላታ ብዬ። ዛሬ ሲገባ ሰላም አላለኝም። ከጥበቃው ሰምቷል። ኮምፒውተሩ ላይ ዲዛይኑን ይሠራል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ።

ይበርድለታል፣ ማስታወሻዬ። ይበርድለታል።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

አልበረደለትም።

ዘነበች ዛሬ ሥራ ገባች። ታምራት ቀጥታ ወደ እሷ ሄዶ እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት። አሜን ብላ፣ ሌላ ቃል ሳታስጨርሰው ዞረች። በቃ። ምሳ አብረው የሚበሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሲቀላለዱ የሚውሉ ሰዎች ናቸው እኮ! ለአንዷ ሠራተኛ በሃዲይኛ ስታጉረመርም ሰማኋት፤ የእናቱ ለቅሶ ላይ አብሬው አነጋሁ፣ እሱ ብቅ እንኳ አላለም ትላለች። ለቅሶ የቀረ ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚባል ጠፍቶኝ ነው?

ልነግራት ስል እንግዶች መጡ። የሌላ መ/ቤት ኃላፊዎች ናቸው፣ አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ እንዴት እንደምንይዝ ሊያዩ። የዊልቸር መወጣጫውን አሳየሁ፣ የሰፋውን የሽንት ቤት በር፣ ለታምራት በልኩ የተሠራለትን ጠረጴዛ። አጨበጨቡልኝ። ታምራት ቀና አላለም። እንደ አዲስ ማሽን ነው ያስጎበኘሁት። አሁን ቤቴ ገብቼ ነው ያፈርኩት፤ ያኔማ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ፣ 11 ሰዓት

ታምራት ሊለቅ ነው! ሺንሺቾ ሌላ ማተሚያ ቤት አግኝቷል። እስከ ዓርብ ብቻ ነኝ አለኝ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። እዚያ መወጣጫ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ደረጃ ነው፣ ሰው ተሸክሞ ያስገባኛል አለ። ተናደድኩ። ይሄን ሁሉ አድርጌልህ! አልኩት። ወይ አፌ።

«ኧረ እትዬ፣ አድርገውልኛል፣ አልካድኩም። ግን ለቅሶ የማይደርስ ሰው አደረጉኝ። በሞተርም ደግፈው ያደርሱኝ ነበር። አልችልም ካልኩም፣ እኔ ልበለው።»

 መልቀቂያ ደብዳቤውን ተቀበልኩት።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ለዘነበች ነገርኳት። እሱ አያውቅም ነበር፣ የከለከልኩት እኔ ነኝ አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ተነስታ ታምራት ጠረጴዛ ጋ ሄደች። በሃዲይኛ አወሩ፣ ተላቀሱ። ለኔ አንድ ቃል አልተረፈኝም። ያን ቀን አብረውኝ ዝም ያሉት ሁሉ ዛሬ ከሷ ጋር ቆመው ይገላምጡኛል። ይሁን፣ የኔው ነው።

አሁን ታምራት መልቀቁን ይተዋል ብዬ ነበር። መልቀቂያውን አልሳበም። ቆጨኝ፣ በጣም ቆጨኝ። ምናለ ያኔ አንድ ስልክ ብደውልለት ኖሮ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ትናንት ሸኘነው። ኬክ ተቆረሰ። ንግግር አድርግ ሲሉት እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብቻ አለ።

ዛሬ ጠዋት መርዶ መጣ። የጠራዣችን የአቶ ዴታሞ ባለቤት አርፈዋል። ቀብር ነገ፣ ገጠር። ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው፣ መንገዱ ከጃጁራው ይብሳል አሉ። ሚኒባስ ያዝኩ፣ ለሠራተኛው ሁሉ ደወልኩ። ታምራት ላይ ስደርስ ቆምኩ። አሁን የኛ ሠራተኛ አይደለም። ባልደውል ማንም አይወቅሰኝም።

ደወልኩ። ትችላለህ ወይ አላልኩም። ስለ ጭቃው አላነሳሁም። አቶ ዴታሞ ባለቤታቸው አርፈውባቸዋል፣ ነገ ሁለት ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ ነን፣ አልኩት።   ጋቢና ያዙልኝ፣ ኋላ አይመቸኝም አለ።

ለሾፌሩ ነገርኩት፣ ጋቢናው ተይዟል። ሰኞ ሺንሺቾ ሥራ ይጀምራል።