ግድግዳ ላይ የሰቀልኳቸው የቡልጋሪያ ሴቶች

ጥፋቱ የአጎትሽ የከማሉዲን ነው። አሪፋ ልጄ፣ አሰላሙ አለይኪ፤ አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። የአዋሽ ሙቀት በርትቷል፤ ፍየሏ መንታ ወልዳለች።

አምና ከቡልጋሪያ በላክሽው የድሮ ሴቶች ፎቶ ጀርባ የጻፍሽውን ያኔ ያነበበልኝ እሱ ነበር። «የእርሻ ሠራተኞች ናቸው፤ ሰላም በሉልኝ ብላለች» አለኝ፤ እኔም ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ዘንድሮ ፊደል ስለቆጠርኩ አወረድኩና ጀርባውን ራሴ አነበብኩት።

«እማዬ፣ በእነዚህ ሴቶች ዘመን ሴት ከተማረች ትበላሻለች ይባል ነበር። እነሱ ግን ማኅበር አቋቁመው ለሴቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሳያቸው አንቺ ትዝ አልሽኝ» ይላል።

በልጅነቴ «ሴት ከተማረች ትባልጋለች» ብሎ ከትምህርት ቤት ያስቀረኝም ያው ከማሉዲን ነው። እሱ ወዳለበት ወደ ሰመራ ከተማ ደውዬ ጽሑፉን ለምን እንደደበቀኝ ብጠይቀው «እቱ፣ በስተርጅና ምን ሊጠቅምሽ ብዬ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ በሕልሜ ይመጣሉ። ሻሻቸውን እንዳሰሩ በአዋሽ ወንዝ ዳር ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ትለቅልኛለች።

አላህ ዕውቀትሽን ያብዛልሽ። ባይከብድሽ ፊደሉን ተለቅ አድርገሽ ጻፊልኝ። ከእንግዲህ ያንቺን ቃል በሰው አፍ አልሰማም።

እናትሽ ኡምሰልማ