የላፕቶፕሽ ዳንቴል

መካኒሳ፣ መጋቢት 1991 ዓ.ም.

ውድ ጸደንያ፣

ከሰላምታ በፊት ክስ አለኝ። አፏ ኮከብ የሆነችውን ትንሿን ካቻቢቴዬን ይዘሽብኝ አርባ ምንጭ ገብተሻል። ለመሆኑ አስተማሪ ካቻቢቴ ምን ያደርግላታል? ተማሪ ልትፈቺበት ነው? እኔ አጎትሽ በሽንኩርት ቢላዋ ጫፍ ላፕቶፕ ስፈታ ዋልኩ። አውራ ጣቴ ላይ ፕላስተር አለ፤ ሲሻለኝ ይቅር እልሻለሁ።

«ከተሠራ ላክልኝ፣ ካልተሠራ ሽጠው» ያልሽበት ደብዳቤ እንደደረሰኝ እናትሽ ቤት ሄድኩ። «አትሄድም» እያለች ሻንጣሽን ተሸክሜ አውቶቡስ ተራ ካደረስኩሽ ወዲህ እህቴ ቤቴን አትረግጥም። እኔ ግን ዓይነ ደረቅ ስለሆንኩ እሄዳለሁ።

«እትዬ፣ የጸደንያን ላፕቶፕ ልውሰድ?»

«የማንን?» አለች፣ ስምሽን እንዳልሰማች።

«የዚያችን ልጅ።»

«ጓዳ አለ። ለማይሠራ ዕቃ ምን አጣደፈህ?»

ጓዳ ገባሁ። ከሄድሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ግን አቧራ የሚባል የለም። ያ ነጭ ዳንቴል ታጥቦ፣ በስታርች ደርቆ፣ ጠርዙ እስከ ጠረጴዛው ወርዶ አልብሶታል። ስምሽን የማትጠራው ሴት ዳንቴልሽን እያጠበች ታለብሳለች።

ቤት ወስጄ አበራሁት። ያቺ «ጠብቅ» የምትለው የአሸዋ ሰዓት ስክሪኑ ላይ ተገትራ ቀረች። ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ፤ እዚያው ናት። ዳቦውን በላሁት፤ እዚያው ናት። የቢሮ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ጓደኛዬን ዲንሳን ጠራሁት።

«ዊንዶውስ 95 ከብዶት እኮ ነው» አለኝ። «ሽማግሌ ላይ ጤፍ በጆንያ ጭነህ ሩጥ ትለዋለህ?»

ጽሑፎችሽን በፍሎፒ ገለበጥን፤ ዊንዶውሱን አጠፋንና ቀላሉን ዶስ ከአንድ የአማርኛ መጻፊያ ጋር ጫንበት። አሁን ሥዕል የለ፣ ማውዝ የለ፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። ለአስተማሪ ምን ያንሳል? ወንበር እስክስብ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ይህንንም የምጽፍልሽ በእሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እየሠራሽ ለምሳ ስትነሺ፣ እናትሽ እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉን ጣል ታደርግበት ነበር፤ ስትመለሺ ግሎ ቀጥ ብሎ ታገኚዋለሽ። ስፈታው በጎኑ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች በነጭ የክር ብናኝ ተደፍነዋል። ሄጄ «እትዬ፣ አፍነሽው ነበር እኮ!» አልኳት፤ እንድትስቅ ብዬ። አልሳቀችም።

«እኔ አቧራ እንዳይነካው ነው» አለች። ቀጥላም «እንግዲህ ከተሠራ ትልክላታለህ?»

«አዎ።»

ፊቷን አዞረች። ያኔ ገባኝ። ላፕቶፑ ከሄደ፣ የምታለብሰው ነገር የላትም።

አንቺ «ሳትመርቀኝ ለፋሲካ አልመጣም» ብለሻል፤ እሷም «ሳትመጣ አልመርቅም» ትላለች። ሁለታችሁም እንደዚያች የአሸዋ ሰዓት ተገትራችኋል። የእናንተን ዊንዶውስ በምን ላጥፋው? እኔ እንኳን…

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

ማን እንደመጣ አታምኚም። እናትሽ! እቤቴ! በፌስታል የሆነ ነገር ይዛለች።

«አጠበብኩት» አለች፣ ሳትቀመጥ። ያው ዳንቴል ነው፤ ጎንና ጎኑ ተተርትሮ እንደገና ተሠርቷል። ላፕቶፑ ላይ ለካችው። ቀዳዳዎቹ ተገልጠው ቀሩ።

«እዚያ አገር አቧራው አይጣል ነው አሉ» አለች። ከዚያ ስክሪኑን አየት አድርጋ «ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ለዚያች ልጅ።»

«ስም የላትም?» ብላ ተቆጣችኝ። «ጸደንያ በላት! እናትሽ መርቃሻለች፣ የሄድሽበት ይቅናሽ በላት። ደግሞ የፋሲካውን ዶሮ ማን ሊበልትልኝ ነው በላት።»

እንደነገረችኝ ጻፍኩት፤ አላመነችኝም። ወንበሬን ቀምታ በአንድ ጣቷ ፊደል ልትለቅም ነው። ካቻቢቴዬን ይዘሽ ነይ።

አጎትሽ ቸኮል

ጸደንያ ልጄ ነይ