ለሰሚራ የመጣው የኮምፒውተር ሰው

የካቲት 4 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ከአሱር ሶላት በኋላ

ሽንኩርቱን ውሃ አጠጥቼ መግባቴ ነው። ስማ ደብተር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፍልኝ ልጄ ሰሚራ ናት። ዛሬ ሳትቀንስ ትጽፋለች፤ ነገሩ የራሷ ነውና። ትናንት ከማል የሚባል ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ ላከ። ለሐሙስ የካቲት 15 ቀጠርኳቸው። ሥራው? ሶፍትዌር ይሠራል አሉኝ። ጎበዝ ነው? በጣም! ጎበዝነቱ በምን ይታወቃል? አናጢ ቢሆን በሩን ገፍቼ አየዋለሁ። ይሄን በምን ልየው? ልጄን ለማላውቀው ሙያ አልሰጥም።

የካቲት 6፣ ቀትር

ያ አላህ! ያስረከብኩት ሽንኩርት መዝገብ ላይ የለም! የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መዝገቡን ኮምፒውተር ውስጥ ካስገባ ወዲህ የመጀመሪያው ርክክብ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ያው ከማል። የእኔን ምርት ወንዝ ማዶ ላለው መሐመድ አሊ ሰጥቶታል። እኔም መሐመድ አሊ ነኝ። በይፋት መሐመድ አሊ ስንቱ ነው! የምንለየው በአያት ስም ነው፤ እሱ አያት አልጠየቀም። ሰው ፊት አዋረድኩት። ሽንኩርት ከሽንኩርት መለየት ያቃተህ ትዳር ልትይዝ ነው? አልኩት። ሳቁበት። ስሙን ኮምፒውተሩ ውስጥ ባስገባችው የማኅበሩ ጸሐፊ ላይ ግን አላላከከም። ጥፋቱ የኔ ነው አባባ፣ አለ። ልጄን ስለፈለገ ነው፣ አልኩ በሆዴ።

የካቲት 7፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት

ከማል ዘንድ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። የእኔን ብቻ አሁኑኑ አስተካክል፣ አማትህ ልሆን አይደል? አልኩት። እምቢ! የአንቱን ብቻ ብነካው ነገ የሌላው ይጠፋል፤ ሥሩን ልፈልገው፣ እንደ ሰው ሁሉ ወረፋ ይጠብቁ፣ አለኝ። እኔን! ወረፋ! ከዘራዬን አነሳሁ። ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ቃሉን ግን አላጠፈም። ሰሚራን እንደሚያጣ ያውቃል እኮ። ተቆጥቼ ወጣሁ። አታልቅሺ፣ ጻፊ።

የካቲት 14፣ ጧት

ከማል ማኅበሩ በር ላይ ተቀምጦ አባላቱን ሁሉ አያታቸውን፣ ቀዬአቸውን ሲጠይቅ ሰነበተ። ትናንት ሽንኩርቴ ተመለሰ። የማዶው መሐመድ አሊ የራሱ ምርት ደግሞ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ተገኘ፤ ማንም አላወቀም ነበር። የእኔን ብቻ ነካክቶ ቢተው የማዶው ሰውዬ ልፋት ቀልጦ ቀርቶ ነበር። ከማል በዚህም አልበቃው፤ እስቲ ኮምፒውተሩን አታሉት፣ አለን። በውሸት ስም፣ በሞተ ሰው ስም ሞከርንበት። ኮምፒውተሩ አንዱን የውሸት ስም ተቀበለ። ከማል ደስ አለው! ሳቀና ሊያርመው እንደገና ተቀመጠ።

አሁን አየሁት። አማቱን ፈርቶ ሥራውን አላበላሸም፤ ጉድለቱን ስናሳየውም አልከፋውም። ሙያ አለው።

ትፈልጊዋለሽ? አልኳት ሰሚራን። አቀርቅራ አዎ አለች። አልሰማሁም፣ አልኳት። አዎ! ብላ ጮኸች።

ነገ ሽማግሎቹ ገና በሩ ላይ ቆመው ሳሉ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ተቀመጡ እላቸዋለሁ።