በአውሮፕላን ሜዳው ላይ ነጭ ነጠላ ስላነጠፍን

ለተከበሩ ጓድ ጉልላት ተክለማርያም
የቀበሌያችን የታሪክና የመታሰቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኮልፌ

ሐምሌ 11 ቀን 1974 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሰብሳቢ፣

ባለፈው ሰኞ በዝናብ ቆመው ያን ረጅም ንግግር ሲያደርጉ የያዝዎት ሳል ለቆዎት፣ ጉሮሮዎም ተመልሶልዎት፣ ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ጤና የጠየቁ እንደሆነ ከደህና በላይ ነኝ። ከሐምሌ አምስት ወዲህ መንገድ ላይ ብቻዬን እየሳቅሁ ስለምሄድ፣ 18 ማዞሪያ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች «ፀዳለ ምን አግኝታ ነው?» እየተባባሉ ነው። ይህን ሁሉ ደስታ ያመጣልን የእርስዎ ኮሚቴ ስለሆነ፣ ምስጋናውን በጓዳ ማቅረቡ ነውር መስሎ ታየኝና ይኸው በቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለጠፍሁት። ቦታ ስለጠበበኝ የእርስዎን ፎቶግራፍ ትንሽ ወደ ጎን ገፋ ማድረጌን ይቅር ይበሉኝ። አሁንም በደንብ ይታያሉ።

ለሰፈሩ አዲስ የሆኑ አንባቢዎች ግራ እንዳይጋቡ፣ ጓድ ሰብሳቢ ትንሽ ይታገሡኝና፣ ነገሩን ከመነሻው ላውጋው። ከአስኮ መንገድ ዝቅ ብሎ ያለው፣ ዛሬ ላም የሚግጥበትና ኳስ የሚለጋበት ሜዳ፣ በንጉሡ ጊዜ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ወታደሮቹ ነቅለው ከሄዱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የነዳጅ በርሜል ይደረደርበት የነበረው የሲሚንቶ ወለልና የዘበኞቹ ቤት አንድ ግድግዳ ብቻ ቀርተዋል። እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ የሐምሌ አቦ ዕለት፣ ጉም ሜዳውን ከነአጥሩ ውጦት እያለ አንድ አውሮፕላን መሬቱ ጠፍቶት ከላይ ይዞር ጀመር። ድምፁ ይመጣል፣ ይርቃል፣ ደግሞ ይመጣል። ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች በሜዳው ጠርዝ ያልፉ ነበርና፣ ከመካከላቸው እማማ ዋጋነሽ (ያኔ እንኳ ገና እማማ አልነበሩም) ነጠላቸውን ገፈው ሣሩ ላይ አነጠፉና «ምን ያስቆማችኋል? የለበሳችሁትን ጣሉለት እንጂ፣ ይኼም እኮ የሰው ልጅ ነው» ብለው ጮሁ። ሴቱ ሁሉ ነጠላውን በሁለት ረድፍ አነጠፈ። የጎረቤቴ የወይዘሮ አልፊያ እናትም ከቤታቸው የአልጋ አንሶላ እየጎተቱ ደረሱ። ጉሙ ለአፍታ ቀደድ ሲል አብራሪው ነጩን አየና በመካከሉ አረፈ። ከወረደ በኋላ ነጠላ እንዳይረግጥ እየተራመደ መሄዱን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሐምሌ አቦ ሲደርስ እዚያው ሜዳ ላይ ነጠላ እናነጥፋለን፣ ዳቦ እንቆርሳለን፣ ልጆቻችንን አስቀምጠን ይህን እንነግራቸዋለን። ማንም አዞን አያውቅም፤ ማንም ሰብስቦን አያውቅም። ዘንድሮ ግን ኮሚቴ ተቋቋመልን። ስለዚህ ውለታ ያለኝን ምስጋና በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ነጭ ጨርቅ የእጅ መስጠት ምልክት መሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ይህን ሁሉ ዘመን በየዓመቱ እጃችንን ስንሰጥ ኖረን አለማወቃችን አሳፍሮናል። ለማን እንደሰጠን ብንጨነቅ ብናስብ ግን እስካሁን ልናገኘው አልቻልንም። «ነጭ እንዳይታይ፣ በምትኩ ቀይ ይነጠፍ» የሚለው ትእዛዝዎ በደረሰን ጊዜ ያን ሁሉ ቀይ ጨርቅ ተሸክሜ ልብስ ሰፊው ሰይፈዲን ዘንድ የሄድሁት እኔ ነኝ። ሰይፈዲን ሲቀጥል ውሎ ቀና ብሎ አየኝና «እትዬ ፀዳለ፣ በሐምሌ በርበሬ ልታሰጡ ነው እንዴ?» አለኝ። ስለ አብዮታዊ በዓል አፈጻጸም በቂ ግንዛቤ የሌለው ሰው ስለሆነ እባክዎ ይለፉት።

ሁለተኛ፦ ታሪካችንን ስላስተካከሉልን እናመሰግናለን። በንግግርዎ ውስጥ ሴቶቹ «ከልማት ሥራ ሲመለሱ» አውሮፕላኑን እንዳዩት ሰማን። እኛ ሞኞቹ ከአቦ ሲመለሱ ይመስለን ነበር። የበዓል ነጠላ ለብሰው ምን ሲቆፍሩ እንደዋሉ ግን ቢያብራሩልን ለልጆቻችን ለመንገር ይመቸናል። እማማ ዋጋነሽንም በስም ሳይጠሩ «አንዲት ጭቁን እናት» ማለትዎ በጣም ልብ የሚነካ ነበር። ይበልጥ የነካን ደግሞ ጭቁኗ እናት ከድንኳኑ ምሰሶ ኋላ መቀመጣቸው ነው፤ የፊተኛው ወንበር ለኮሚቴው አባላትና ለአባላቱ ካፖርት ያስፈልግ ነበርና።

ሦስተኛ፦ ለዚህኛው ቃል ያንሰኛል። ብዙ ደክመውና ብዙ ቢሮ ደጅ ጠንተው በሜዳችን ላይ አውሮፕላን እንዲያልፍና የደስታ መግለጫ ወረቀት እንዲበትን አደረጉ። ይህን ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናለሁ፤ ለእማማ ዋጋነሽ አውሮፕላኑ እንደሚመጣ ስነግራቸው ሦስት ጊዜ «እውነት?» ብለውኛል። የሐምሌ ጉም ግን ንቃተ ህሊናው ዝቅ ያለ ነውና ኮሚቴውን ሳያስፈቅድ መጥቶ ተኛብን። ቀዩ ጨርቅ በዝናብ ርሶ ከጭቃው ጋር አንድ ሆነ። እርስዎ በማይክሮፎን ገና ወደ ንግግርዎ አጋማሽ እየተቃረቡ ሳለ አውሮፕላኑ መጣ፣ ዞረ፣ ራቀ፣ ወረቀቱን አንድ ቦታ ላይ በተነው። የት እንደበተነው በማግስቱ ሰማን። ቆሼ ላይ ነው። እዚያ ዕቃ የሚለቅሙ ሰዎች የኮሚቴውን መልካም ምኞት በሙሉ እንደተቀበሉና እሳት ለማያያዝ በጣም ጥሩ ወረቀት ሆኖ እንዳገኙት እንድነግርዎ አደራ ብለውኛል።

ወረቀቱን ከበተነ በኋላ ግን አውሮፕላኑ አልሄደም። ድምፁ ተመልሶ መጣ፣ ራቀ፣ ደግሞ መጣ። ይሄኔ እማማ ዋጋነሽ ከምሰሶው ኋላ ተነሡ። «ይኼ ልጅ መሬቱ ጠፍቶታል» አሉ። በዝናቡ ወጥተው ነጠላቸውን ገፈፉና ቀዩ ጨርቅ ላይ አነጠፉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎም አይተዋል። «ጓዶች፣ ሥነ ሥርዓት! ጓዶች፣ ሥነ ሥርዓት!» የሚለው ድምፅዎ እስከ አስኮ ይሰማ ነበር፤ እኛ ግን ነጠላ በማንጠፍ ላይ ስለነበርን አልሰማንም። ወይዘሮ አልፊያ የጠረጴዛዎን ጨርቅ ከነውሃ ብርጭቆው ስባ ስትወስድ ብርጭቆው እርስዎ ላይ መደፋቱ ሳይታሰብ የሆነ ነው። አውሮፕላኑ ከጉሙ ሥር ብቅ አለ፣ በሁለቱ ረድፍ መካከል ዝቅ ብሎ አለፈ፣ ክንፉን ወዲህ ዘንበል፣ ወዲያ ዘንበል አደረገልን። እማማ ዋጋነሽ እጃቸውን አንሥተው «በል አየንህ፤ አሁን በደህና ግባ» አሉት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጅ ዘለልሁ። የምስቀው ይህ እየታወሰኝ ነው።

አራተኛ፦ በዚያው ሳምንት ተሰብስባችሁ «ሁኔታው እንዳይደገም» የሚመጣው ዓመት በዓል በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ እንዲከበር ስለወሰናችሁልን እናመሰግናለን። አዳራሹ ጉም የለውም፣ ወንበርም አለው። ውሳኔው ሲነገረን ወይዘሮ አልፊያ ብቻ እጇን አውጥታ «አውሮፕላኑ በየትኛው በር ይገባል?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ መልሱን ዛሬም በጉጉት እየጠበቅን ነው።

አምስተኛ ብዬ መቀጠል ይቻለኝ ነበር፤ ነገር ግን የቀረኝ ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ሜዳው ላይ ስላቆማችሁት የመታሰቢያ ሰሌዳ ነው። እማማ ዋጋነሽ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው የምስክር ወረቀት የወሰዱ ሰው ናቸው፤ ለዚህ መንግሥትን የማመሰግነው ከልቤ ነው። ሰኞ ዕለት ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ እርጥቡን ነጠላቸውን ተከናንበው ሰሌዳው ፊት ቆሙ፣ በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ ጀምረው አነበቡ። የእርስዎን ስም አነበቡ። የምክትልዎን አነበቡ። የገንዘብ ያዡን፣ የጸሐፊውን፣ የድንኳን አስተባባሪውን ሁሉ አነበቡ። ሲጨርሱ ዞር ብለው «እኔ የለሁበትም» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቤታቸው ገብተው አንድ ዕቃ ያጡ ይመስሉ ነበር።

ጓድ ሰብሳቢ፣ ሰው ከሞተ በኋላም ስሙን መጻፍ ይቻላል፤ እሳቸው ግን ማንበብ የሚችሉት አሁን ነው። ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ስለዚህ በትልልቅ ፊደል አንድ መስመር ብቻ፦ «ወይዘሮ ዋጋነሽ ነጠላቸውን አነጠፉ።» ቦታ ጠበበ ካላችሁ የድንኳን አስተባባሪው ስም ትንሽ ቢያጥር የሚከፋው አይመስለኝም፤ ድንኳኑ ያፈስ ነበር። በዓሉን በተመለከተ ደግሞ አዳራሹን ለኮሚቴው ትተን እኛ በሚመጣው ሐምሌ አቦ እንደ ወትሮው ሜዳው ላይ እንገኛለን። ዝናብ ከፈሩ ጃንጥላ ይዘው ይምጡ፤ እማማ ዋጋነሽ አጠገባቸው ወንበር እንዲያዝልዎ አዘዋል፤ ምሰሶ የሚጋርደው አይደለም።

ሰሌዳውን የሚቀባው ሰው ብሩሹን እስኪያነሣ ድረስ በየሳምንቱ ይህን ደብዳቤ እያደስሁ ለመለጠፍ ቃል እየገባሁ፣ ከከፍተኛ አክብሮትና ከዚያ በበለጠ ሳቅ ጋር፣

ታዛዥ ጎረቤትዎ
ፀዳለ ወንድይፍራው

ማስታወሻ፦ ሰኞ ዕለት «ለዚህ ሁከት በመጀመሪያ የተባበረችው ሴት ተጣርታ ትቅረብ» ብለው ማዘዝዎን ሰምተናል። ልፋትዎን ለማቅለል ያህል፣ ከእማማ ዋጋነሽ ቀጥላ ሮጣ ነጠላዋን ያነጠፈችው ባለቤትዎ ወይዘሮ አልማዜ ናት። እኛ ሴቶቹም የሚመጣው ዓመት በዓል አስተባባሪ አድርገን በሙሉ ድምፅ መርጠናታል። ምርመራውን እራት ላይ ቢያደርጉት ይመቻል፤ እራት ካቀረበችልዎ ማለቴ ነው።