ታሊታ ለቆጣሪው የሰጠችው መልስ

ለምወድሽ እህቴ ለዴልያ፤

እንደምን ሰንብተሻል? አራስነቱ እንዴት ያዘሽ? ወገብሽ ጠና ወይ? ትንሹ ካሌብስ ወተት ጠግቦ ይተኛል ወይስ ሌሊቱን ሙሉ ዘብ ያቆምሻል? ባለቤትሽ ሃርላን ከዚያ ከግንድ ቆረጣው በደህና ወጥቶ በደህና ይገባል? የኦሪገን ዝናብ አያባራም ብለሽ ነበርና የምታነዱት ደረቅ እንጨት ታገኛላችሁ? ጥያቄ አበዛሁብሽ መሰለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በፖስታ ካርድ ሁለት መስመር ብቻ ስትልኪልኝ ኖረሽ ዛሬ አራት ገጽ ስለጻፍሽልኝ እኔም አፌ ተፈትቶ ነው። እኛ ደህና ነን። አባባ ከሳላቸው ጋር እንደ አሮጌ ባልና ሚስት ተላምደው ይኖራሉ፤ ይነታረካሉ እንጂ አይላቀቁም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ከምሠራበት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ነው። የልጆቹ ምሳ ባቄላ ምድጃ ላይ ነበር፤ አረረ። ነርሷ «የመጀመሪያ ልጅሽ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ «አዎ» አልኳት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም ብለሻል። «የቀበርኳትን ልጄን ናኦሚን ካድኳት ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አንጀቴን በላሽው። ብዕር እያነሳሁ መልሼ አስቀመጥኩ፤ ልጅ ወልጄ የማላውቅ ሴት ምን ብዬ ልመልስልሽ? አሁን ግን ከእኛ በፊት የኖረች አንዲት ሴት መልሳው አገኘሁ።

ነገሩን የጀመረው የአጎታችን ልጅ ቨርጂል ነው። ዘንድሮ የመቃብር እሁድ፣ መቃብሮቹን አበባ ልናለብስ ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ፣ የዘር ሐረጋችን በትልቅ ወረቀት ተጽፎ ይሰቀል ብሎ ተነሳ። «እኛ እኮ የጄኔራል ዘር ነን፤ ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማሽም? አንገቴን አታዪም?» ይለኛል። አንገቱ የዳክዬ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ሥራውን ግን እኔ ላይ ጣለው፦ «አንቺ ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ?» ልቆጣው አልኩና ተውኩት፤ ቅዳሜ በእርግጥም ምንም አልሠራም።

እናም ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ ወርጄ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እቀመጥ ጀመር። የመጻሕፍቱ ኃላፊ ሚስ ሬቫ በፊልም የተቀዳውን የድሮ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ከዋናው ከተማ በፖስታ ታስመጣልኛለች፤ እኔ ያን የፊልም ማንበቢያ ማሽን እያሽከረከርኩ ዓይኔ እስኪያለቅስ አነባለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቆጠራዎች የሚጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነው። ሚስትና ልጆች በየዕድሜያቸው ሳጥን ውስጥ ቁጥር ሆነው ይቀራሉ። ተራራውን ተሻግሮ ከካሮላይና የመጣው የመጀመሪያው አያታችን አብሳሎም በ1810 ቆጠራ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ነበሩት። ከአሥር ዓመት በኋላ ቤቱ ውስጥ ያለችው አንዲት ናት። «ሌላይቱ የት ሄደች?» አልኳት ሚስ ሬቫን። «ወይ አግብታለች፣ ወይ ሞታለች። መንግሥት የሄደ ሰው ወዴት ሄደ ብሎ አይጠይቅም፣ የኔ እመቤት» አለችኝ። ስሟን እንኳ ለማላውቃት ልጅ መኪናዬን እየነዳሁ አለቀስኩላት።

ጄኔራሉን ግን አጣሁት። ከአብሳሎም ጀምሮ ገበሬ፣ ገበሬ፣ ገበሬ፤ ማንበብና መጻፍ ሲጠየቁም አይችልም፣ አትችልም። ለአባባ ስነግራቸው የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫቸው እስኪወልቅ ሳቁ። «በይ ለቨርጂል ንገሪው፤ አንገቱን ለባለቤቱ ይመልስ» አሉ። ቨርጂል ግን የተሳሳተው መዝገቡ ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም በሁለቱ መካከል ተቀመጥኩ።

ከዚያ 1900 ላይ ደረስኩ። የአባባ ሴት አያት ታሊታ፣ ዕድሜዋ ሃምሳ፣ ማንበብ አትችልም፣ መጻፍ አትችልም። በዚያ ዓመት ቆጣሪው እያንዳንዷን እናት ሁለት ነገር ይጠይቅ ነበር፦ ስንት ወለድሽ? ስንቱ በሕይወት አሉ? ከታሊታ ስም አጠገብ «አሥራ አንድ» ይላል፤ ቀጥሎም «ስድስት»። ዴልያ፣ እኛ ቤት እኮ የታሊታ ልጆች ስድስት ናቸው ሲባል ነው ያደግነው። የቤተሰቡ ልደት በሚመዘገብበት መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተጻፉትም ስድስት ናቸው። አምስቱን በሌላው ቆጠራ ፈለግኳቸው፤ የሉም። በመካከል ያለው የአንዱ ቆጠራ ወረቀት ተቃጥሏል። ቆጣሪው ከሄደ በኋላ ተወልደው ተመልሶ ሳይመጣ ሞቱ ማለት ነው።

ለአባባ እራት ላይ ነገርኳቸው። የያዙትን የበቆሎ ዳቦ አስቀመጡ። «ልጅ ሳለሁ» አሉ፣ «መቃብሩ ዳር ካሉት ትንንሽ ድንጋዮች ባንዱ ላይ ቁጭ ብዬ ፖም እገምጣለሁ። አያቴ ከታች መጣችና ‹ተነስ አንተ! አጎትህ ላይ ተቀምጠሃል!› አለችኝ። አሮጊቷ ቀለደች ብዬ በሳቅ ሞትኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።»

እማዬ ከወረቀት እየሠራች ሰም ውስጥ የምትነክራቸውን አበቦች ታስታውሻለሽ? ሁልጊዜ ከመቃብሮቹ ይበልጡ ነበር። የተረፉትን ወስዳ ዳር ዳሩን፣ ድንጋዮቹ ጋ ታስቀምጣቸው ነበር። እኛ እንዳይባክኑ ብላ ይመስለን ነበር። ለእሷ ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ሳትነግረን ሞተች። በማግስቱ መኮትኮቻ ይዤ ወጣሁና እሾሁን መነጠርኩ። አምስት ድንጋዮች ናቸው፣ የዳቦ ያህል። ናኦሚያችን አጠገባቸው ናት። ቦታውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ፣ ጥላ አለው ብለሽ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ናኦሚም ሰባት ሳምንት ኖራ በሁለት ቆጠራ መካከል አለፈች። የሚቀጥለው ቆጠራ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ቆጣሪው ደጅሽ ሲመጣ ማን ማን እዚህ ይኖራል ይልሻል፤ እሷ አትኖርም።  ደግሞ ታሊታን አስባለሁ፤ ምናልባት እጇ በሳሙና አረፋ እንደተነከረ፣ የማታውቀው ሰው ብዕር ይዞ በሯ ላይ ቆሞ። ስድስት ብትለው ማን ውሸትሽን ነው ይላታል? እሷ ግን አሥራ አንድ አለችው።

ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም፣ አፈር ስሆን እንደሱ እንዳታስቢ። ቤተሰቡ ሁሉ ስድስት ሲል የኖረው ከማን ሰምቶ ነው? ከራሷ ነዋ! ለጎረቤቱም፣ ለቄሱም፣ ለመንገደኛውም ስድስት እያለች ስትመልስ ኖራለች፤ ያልታመመ ሰው ቁስሏን እንዳይነካካባት። አልካደቻቸውም። አንቺም አልካድሽም። ነርሷ የጠየቀችሽ በችኮላ ነው፣ አንቺም በችኮላ መለስሽላት።

አሁን ስለ አባባ ልንገርሽ። ከቀብሩ ወዲህ የናኦሚን ስም አንድም ቀን አልጠሩም፤ በዚህ እንደተቀየምሻቸው አውቃለሁ። እሁድ ከምሳ በኋላ የዘር ሐረጉን አምጪ አሉኝ። ከታሊታ ስድስት ልጆች ጎን ስም የሌላቸው አምስት መስመሮች አሰመሩ። በአንቺና በሃርላን ስም ሥር እኔ ገና ምንም አልጻፍኩም ነበር፤ አንቺን ሳልጠይቅሽ እጄ እምቢ አለኝ። እሳቸው እስክሪብቶውን ተቀብለው «ናኦሚ» ብለው ጻፉ። ፊደሉ ሰፍቶ ቦታውን ሁሉ ያዘው። «ወንድሟን አንቺ ከጎኗ አጥብበሽ ጻፊው» አሉኝና አለቀሱ። እማዬ ስትቀበር እንኳ እንዲያ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም።

ቨርጂል መጥቶ አየና፣ «የሞተ ሕፃን ሁሉ ይጻፋል እንዴ? ወረቀቱ አይበቃም እኮ!» አለ። አባባም ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ለጄኔራልህ የተውነው ቦታ አለ» አሉት።  ከዚያ ወዲህ ስለ አንገቱ ሲያወራ አልሰማሁም።

አበቦቹን ሠርቻለሁ፤ ለአምስቱ ነጭ፣ ለናኦሚ ቢጫ። ነይ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ አንቺ አራስ ነሽ፣ መንገዱም ሩቅ ነው። አባባም «ትመጣለች ወይ?» ብለው አይጠይቁም። ብቻ የበረንዳው ደረጃ ተሰብሮ ሁለት ክረምት ዝም ያሉት ሰውዬ ሕፃን የታቀፈ ሰው እንዳይወድቅበት ብለው ትናንት ቨርጂልን አስጠገኑት። ትንፋሻቸው እያጠረ ነው፣ እህቴ። ይህን አልደብቅሽም።

ለሃርላን ሰላም በይልኝ፤ መጥረቢያውን በጥንቃቄ ይያዝ። አባባ ግንባርሽን ስመውሻል። ቨርጂል ሰላም ይልሻል፣ ሚስ ሬቫም አይቼሽ ባላውቅም ዘርሽን አውቃለሁ ብላለች። ካሌብን አንገቱ ሥር ሳሚልኝ። እዚህ የዴልያ ልጆች ስንት ናቸው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መልሴ ተዘጋጅቷል፦ ሁለት። በሕይወት ያለው አንድ።

እህትሽ ሎሬና

ስቲንሰን ክሪክ፣ ምሥራቅ ኬንታኪ
ሜይ 9 ቀን 1978